ወደ አይሲዲ-11 ስንሻገር፦ የድሮውን ኮድ በአዲስ እንተካ ወይስ ከካርዱ እንጀምር?

ቱሉዲምቱ_ኤችአይቲ

ሰላም ለሁላችሁም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። ከሚቀጥለው የሪፖርት ወር ጀምሮ በአይሲዲ-11 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ኮድ 11ኛ እትም) እንድንሠራ ተነግሮናል። ወሩ 21 ሲል የኦፒዲ (የተመላላሽ ሕክምና) መዝገቡ ላይ የምንሞላው ኮድ ይቀየራል ማለት ነው።

አለቃችን መፍትሔው በእጁ ነው። በግራ የድሮው ኮድ፣ በቀኝ አዲሱ ያለበት የኤክሴል ሰንጠረዥ ይሠራል። እኛ እያየን እንተካለን። ኦፒዲ ያሉት ባለሙያዎች እንደለመዱት ይጽፋሉ፣ አይነካኩም። "ኮዱን ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን ተዉት" ነው ያለን።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አንዳንዱ በርግጥ ቀላል ነው። አይ10 የነበረው ደም ግፊት ቢኤ00 ይሆናል፣ አለቀ። ችግሩ ሌላው ላይ ነው። ትናንት መዝገቡን ከፍቼ አንዱን ገጽ ብቻ ከላይ እስከ ታች አየሁት። አንዱ ረድፍ "ዲኤም + ቁስል" ይላል። ቁስሉ የት እንዳለ የለም፣ ስኳሩ ዓይነት አንድ ይሁን ሁለት የለም። ከሥሩ "ማላሪያ" ይላል፤ በላብራቶሪ ይረጋገጥ አይረጋገጥ አይታወቅም። ቀጥሎ "የእግር ስብራት፣ ባጃጅ" የሚል አለ። የቱ እግር? ሌላው ጋ ዲያግኖሲሱ (የበሽታው ስም) ተጽፎ ከፊቱ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። የድሮው ኮድ ግን በሁሉም ላይ ሞልቷል! አጠገቤ የምትሠራው ልጅ በልምድ ነው የሞላችው።

እና ያንን በልምድ የተሞላ ኮድ በሰንጠረዥ ወደ አዲስ ስቀይረው ምን አገኛለሁ? የበሽተኛውን ካርድ (ፎልደሩን) ከፍቶ ከዚያ ኮድ መስጠት አይሻልም? እናንተ ጋ እንዴት ነው የተሠራው? ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር_ኮዬ

ወንድሜ፣ እኔ ያንን "ዲኤም + ቁስል" ከሚጽፉት ሰዎች አንዷ ነኝ፤ ስለዚህ ቀስ በል። 😄

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰው ከገባበት ወዲህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኮሪደሩን አይተኸው ታውቃለህ? እናት ልጇን አዝላ፣ የቀን ሠራተኛው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አዛውንቱ የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ። እኔ በሽተኛ አያለሁ፣ ፎልደር ላይ እጽፋለሁ፣ ሳምሪ ሺት እሞላለሁ፣ የምርመራ ወረቀት እጽፋለሁ፣ መድኃኒት አዛለሁ። ከዚያ መዝገቡ። በመጨረሻ የቀረኝን ጉልበት ነው መዝገቡ የሚያገኘው።

ደግሞ የማትነግሩን ነገር አለ። ኮዱ የት እንደሚሄድ ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። ሱፐርቪዥን ይመጣል፣ "ያልተሞላ አለ" ይባላል፣ ይሄዳል። የቱ እግር እንደሆነ መጻፌ ለማን እንደሚጠቅም ብትነግረኝ እጽፋለሁ። "ግራ" ብሎ ለመጻፍ ሁለት ፊደል ነው።

ሱፐርቫይዘር_ነበርኩ

ነገሩን አታካብዱት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የምታደርጉት። ሪፖርቱ በቀኑ መግባት አለበት። ሰንጠረዡን ሥሩ፣ ተኩ፣ ላኩ። ጥራቱ ቀስ በቀስ ይመጣል። ሁሉን ከካርዱ እንጀምር ያለ ጤና ጣቢያ ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት የለውም፤ ያኔ ክፍለ ከተማው ሲደውል ማን ሊመልስለት ነው?

ጂፒ_በተረኛነት

@ሱፐርቫይዘር_ነበርኩ ስለ ቀኑ ተስማምተናል። ስለ ሰንጠረዡ ግን አልስማማም። ምሳሌ ልስጥ፦ ስትሮክ።

በአይሲዲ-10 ስትሮክ የልብና የደም ዝውውር በሽታዎች ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ዓይነቱ ካልታወቀ አይ64። በአይሲዲ-11 ከዚያ ወጥቶ ወደ ነርቭ ሥርዓት በሽታዎች ምዕራፍ ገብቷል። ደም ሥር ተደፍኖ የመጣው 8ቢ11፣ አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ የመጣው 8ቢ00፣ ያልተለየው 8ቢ20። እኛ ጋ ሲቲ ስካን የለም። በሽተኛውን ሪፈር ጽፌ እልካለሁ፤ ውጤቱ ወደ እኔ አይመለስም። ስለዚህ ለእኔ ሐቀኛው ኮድ 8ቢ20 ነው፤ ይህን መጻፍ ነውር የለውም። አዲሱን ዝርዝር ያዩ አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን "ያልታወቀ" መጻፍ ድክመት ይመስላቸዋል፤ ገምተው 8ቢ11 ይሞላሉ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ማላሪያም እንደዚያው። ደም ተመርምሮ ፋልሲፓረም ከተገኘ 1ኤፍ40፣ ቫይቫክስ ከሆነ 1ኤፍ41። ሳይረጋገጥ በምልክት ብቻ የታከመ ራሱን የቻለ ኮድ አለው፤ 1ኤፍ45። ሰንጠረዥህ የድሮውን ቢ54 አይቶ ከነዚህ ውስጥ የቱን ሊመርጥ ነው? የላብራቶሪ ወረቀቱ ያለው ፎልደሩ ውስጥ ነው፣ ኤክሴሉ ውስጥ አይደለም። እኛ አካባቢ ማላሪያ የሚይዘው አብዛኛው ሰው ከቆላ ለሥራ ደርሶ የመጣ ነው። አረጋግጠን ካልጻፍን ቱሉ ዲምቱ ላይ ትንኝ የነገሠች ይመስላል።

ታይፎይድን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ ያለ ሰው ሁሉ ታይፎይድ ተብሎ የሚመዘገብበት አገር ውስጥ ኮዱን ከኤ01.0 ወደ 1ኤ07 መቀየር ምን ይፈይዳል? አንድ ጊዜ በተሠራ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ አይረጋገጥም፤ ቀድሞ የነበረ ኢንፌክሽንም፣ ሌላ በሽታም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከሆነ ኤምጂ26 አለላችሁ። እሱን ጻፉ።

ሲስተር_ኮዬ

ዶክተር፣ "ትኩሳት ነው ያለብዎት፣ ምክንያቱን አላወቅሁም" ብዬ በሽተኛ ልሸኝ? አጥር ማዶ ያለው ክሊኒክ ሄዶ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብሎ ይመጣል እኮ። በመርፌ!

ጂፒ_በተረኛነት

ሲስተር፣ ለበሽተኛው የምትነግሪው ሌላ፣ መዝገቡ ላይ የምትጽፊው ሌላ። 😄 የምሬን ነው፦ ለእሱ "ተመልሰው ይምጡ፣ እንከታተላለን" በይው። መዝገቡ ላይ ግን የምታውቂውን ብቻ።

ሜሪላንድ_ኮደር

ከሩቅ ልግባ። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ኮደር (ለበሽታዎች ኮድ የምሰጥ ባለሙያ) ሆኜ እሠራለሁ። እናቴ ግን እዚያው አቃቂ ናት፤ የምትታከመውም እናንተ ጋ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ይመለከተኛል።

እዚህ ከ9 ወደ 10 የተሻገርነው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ነው። ዓለም አይሲዲ-10ን መጠቀም ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ! መጀመሪያ 2013 ተባለ፣ ወደ 2014 ተገፋ፣ ከዚያ ወደ 2015። የዲያግኖሲስ ኮዱ ከ14 ሺህ ገደማ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ስለሆነ ሐኪሙ ሁሉ ተንጫጫ። በዳክዬ ለተመታ ሰው ኮድ አለ እየተባለ ስንት ተሳቀ። ዳክዬዋ አለች፣ እውነት ነው። ግን በዳክዬዋ ምክንያት የቆመ ሥራ አላየሁም። ሥራውን የያዘው "የቱ ጎን? ስንተኛ ጉብኝት? በምን ምክንያት?" የሚለው ነበር። ኮደሩ ኮዱን በቀላሉ ያገኘዋል። ሐኪሙ ያልጻፈውን ግን ከየት ያምጣው? ቀኑን ሙሉ ለሐኪም ጥያቄ መላክ ሆነ ሥራችን።

የጠቀመን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመንግሥት ኢንሹራንሱ ለመጀመሪያው ዓመት፣ ሐኪሙ የጻፈው ኮድ ከትክክለኛው የበሽታ ቤተሰብ ከሆነ ዝርዝሩ ጎደለ ብሎ ብቻ ክፍያ አልከለከለም። ያ ትንፋሽ ሰጠን። እናንተም ከምትጠይቁት ሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ።

በነገራችን ላይ እኛ ዛሬም የምንሠራው በ10 ነው። ስለዚህ በ11 እናንተ ትቀድሙናላችሁ።

የክፍያ_ወረቀት

እህቴ ትክክል ብለሻል። እኔ ገላን በኩል የማኅበረሰብ ጤና መድህን ክፍያ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ኦዲተሩ ሲመጣ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ዲያግኖሲሱ፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ ምርመራው። እነዚህ ካልተጋጠሙ ያ ወረቀት ይወድቃል፤ ገንዘቡ ለጤና ጣቢያው አይመለስም። አሁን ፎልደሩ ላይ "ስኳር"፣ መዝገቡ ላይ አዲስ ኮድ፣ የክፍያ ወረቀቱ ላይ የድሮው ኮድ ከሆነ ሦስት የተለያየ በሽተኛ ይመስላል። ኮዱ የሚቀየር ከሆነ ሦስቱም ላይ በአንድ ቀን ይቀየር። እኛ ጋ መዝገቡ ተቀይሮ የክፍያው ቅጽ ስላልተቀየረ ስንት ወረቀት ተመለሰብን። በግማሽ መሻገር ካለመሻገር ይብሳል።

ተራ_ታካሚ

ይቅርታ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንዲሁ ሳነብ ነው። ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ካርድ አውጥቼ፣ ተሰልፌ፣ መድኃኒት የለም ተብዬ ነው የምመለሰው።

ቱሉዲምቱ_ኤችአይቲ

@ተራ_ታካሚ ጥሩ ጥያቄ ነው። "መድኃኒት የለም" የተባልክበት ምክንያት አንዱ እሱ ነው። በዚህ አካባቢ ስንት የስኳር ሕመምተኛ እንዳለ የሚታወቀው ከእኛ ሪፖርት ነው። ስኳሩ "ቁስል" ተብሎ ከተመዘገበ በስኳር አይቆጠርም። ሁሉ ነገር ከኮዱ ነው አልልህም፤ በጀትም አለ፣ ሌላም አለ። ግን ያልተቆጠረ በሽተኛ አይታሰብለትም።

ጋሽ_ስታቲስቲክስ

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ግን ይህን ሳነብ እጄ አላስቀምጠኝ አለ።

ይህ ዝርዝር የተጀመረው በ1893 ነው። ዣክ በርቲዮን የሚባል ፈረንሳዊ የስታቲስቲክስ ሰው ቺካጎ ላይ ለዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ተቋም ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው መነሻው። የሚቆጠረው የሞተ ሰው ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 ሥራውን ተረክቦ 6ኛውን እትም ሲያወጣ ነው የታመመ ሰውም የሚመደብበት ዝርዝር የሆነው። 10ኛው በ1990 ጸድቆ ከ1994 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። 11ኛው በ2019 ጸድቆ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት መሻገር ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም፤ በየመሻገሩም አንድ ነገር ይደገማል።

አሜሪካኖቹ የሞት ምዝገባቸውን ወደ 10 ያሻገሩት ከሕክምናው ቀድመው፣ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ምን አደረጉ? የ1996ን የሞት መዛግብት በ9ም በ10ም ኮድ ሰጥተው አነጻጸሩ። በኢንፍሉዌንዛና በሳንባ ምች የሞተው ሰው ብዛት በአዲሱ አቆጣጠር በ30 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ወረቀቱ ያው። የተቀየረው ዋነኛው የሞት ምክንያት የሚመረጥበት ደንብ ነው። ያንን ንጽጽር ባይሠሩ ኖሮ "ሳንባ ምችን አሸነፍን" ብለው ጽዋ ባነሱ ነበር።

ዶክተሩ ስለ ስትሮክ ያነሱት ይህንኑ ነው። ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ሲሄድ፣ በምዕራፍ የተሠራ የግድግዳ ግራፍ ላይ የልብ በሽታ ይወርዳል፣ የነርቭ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ግራፉን አይቶ ይሸለማል ወይም ይቀጣል። ሁለቱም ያለ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ከመሻገራችሁ በፊት ካለው ወር የተወሰኑ ካርዶች በዕጣ አውጡና በሁለቱም ኮድ ስጡ። ሁሉን አይደለም፤ አቅማችሁ የቻለውን ያህል። የመረጃ ጥራት ስትፈትሹ በናሙና ካርድ ታወጡ የለ? እንደዚያው። የቱ በሽታ በኮዱ ምክንያት እንደዘለለ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ግራፋችሁ ላይ በተሻገራችሁበት ቀን ቀጥ ያለ መስመር ጎትቱ።

ሱፐርቫይዘር_ነበርኩ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ይገባል። በዚህ ልክ ከሆነ ይሠራል። እኔ ሁሉን ካርድ ማለታችሁ መስሎኝ ነው። ግን ሰንጠረዡን ጨርሶ መጣልም አይመቸኝም። ደም ግፊት፣ አስም፣ እንዲህ አንድ ለአንድ የሚሄደውን ለምን ከባዶ እንፈልገዋለን?

ጋሽ_ስታቲስቲክስ

አንድ ለአንድ የሚሄደውን ተኩት፣ ማን ከለከለህ። አንዱ ለሦስት የሚከፈለውን ነው ከካርዱ ያልኩት።

ሰርቨሩ_ወደቀ

የአይቲ ሰው ነኝ። አንድ የቀረ ነገር አለ፦ ኮዱን ማን ነው ከወረቀት ላይ እየፈለገ የሚጽፈው? አይሲዲ-11 የተሠራው በኮምፒውተር ለመፈለግ ነው። 17 ሺህ ያህል የዲያግኖሲስ ምድቦች አሉት፤ ፈልገህ ወደነዚያ የሚወስዱህ ቃላት ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። ያንን አትመህ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ ጠረጴዛው ይሰበራል።

የዓለም ጤና ድርጅት የፍለጋ መሣሪያውን በነጻ አውጥቶታል። ኢንተርኔት የለም አትበሉኝ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በግቢው ኔትወርክ ብቻ የሚሠራ ቅጂ አለ፤ በዶከርም በዊንዶውስም ይጫናል። እኔ ካርድ ክፍል ባለችው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጫንኩት። ኦፒዲ ያሉት በኬብል ይደርሱበታል። ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ሥራ አይቆምም። መብራት ሲሄድ ግን... እሱን ለእግዚአብሔር ነው የምተወው።

ደግሞ ሁሉም ጤና ጣቢያ ሙሉውን ዝርዝር አያስፈልገውም። የእኛ አገር ኤንሲኦዲ (ብሔራዊ የበሽታዎች መለያ ዝርዝር) ከአይሲዲ-10 ተቀንሶ እንደተሠራው ሁሉ፣ ለ11ም ለኢትዮጵያ ተብሎ የቀለለ ቅጂ አለ። ለዕለት ሥራ እሱን ያዙ፤ ስትቸገሩ ወደ ትልቁ ሂዱ።

ሲስተር_ኮዬ

@ሰርቨሩ_ወደቀ እሺ፣ እንግዲያው ያንን "ዲኤም + ቁስል" አንተው ፈልገህ አሳየኝ። በሽተኛዋ የ50 ዓመት እናት ናት። ስኳሯ ዓይነት ሁለት ነው። ግራ እግሯ ሥር የማይድን ቁስል አላት። ስንት ኮድ ልጽፍላት ነው?

ሰርቨሩ_ወደቀ

ሲስተር፣ መልሱ ቀላል ነው። "የስኳር እግር ቁስል" ራሱን የቻለ ኮድ አለው፦ ቢዲ54። ግን ብቻውን አይሄድም፤ የስኳሩ ዓይነት አብሮ ይጻፋል፤ 5ኤ11። በመሃላቸው ስላሽ ይገባል፦ ቢዲ54/5ኤ11። በድሮው ይህ ሁሉ ኢ11.5 ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ጋንግሪኑም (የሞተው ሥጋ)፣ የደም ሥር ችግሩም፣ ቁስሉም አብረው ነበሩ። ለዚህ ነው ሰንጠረዡ የማይመልሰው፦ ኢ11.5ን አይቶ እናትየዋ ቁስል ይኑራት ጋንግሪን አያውቅም።

ጎኑን መጨመር ከፈለግሽ በኤክስ የሚጀምሩ ተጨማሪ ኮዶች አሉ። ግራ ማለት ኤክስኬ8ጂ፣ ቀኝ ኤክስኬ9ኬ። በ"&" ይያያዛሉ። ያ የባጃጁ ስብራት ታችኛው እግር ላይ ከሆነ ኤንሲ92&ኤክስኬ8ጂ ብለሽ የግራ ታደርጊዋለሽ።

ሲስተር_ኮዬ

ይሄ ነው እንግዲህ። ቁስሉ ከስኳሩ ጋር እንደተያያዘ የሚያሳይ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ክትትል ክፍል ስንት እንዲህ ያለ እግር እንዳለ ቢነገረኝ፣ የእግር ምርመራ ቀን ለይተን ለመያዝ እጠይቅበታለሁ። ግራ ቀኙን እጽፋለሁ፤ ቃሌን ያዙ።

ቱሉዲምቱ_ኤችአይቲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ከአለቃዬ ጋር ተቀምጠን ነበር። ጋሼ ያሉትን ነገርኩት። ግራፉ ላይ ያለው መስመር ሳይሆን "ይሸለማል ወይም ይቀጣል" የሚለው ነው የነካው መሰለኝ። 😄

የተስማማነው እንዲህ ነው። አንድ ለአንድ የሚሄዱት በሰንጠረዥ ይተካሉ። ስትሮክ፣ ማላሪያ፣ ስኳርና ስብራት ከፎልደሩ ብቻ ነው ኮድ የሚሰጣቸው። በየኦፒዲው ጠረጴዛ ላይ በመስታወቱ ሥር አንድ ገጽ ይቀመጣል፤ ለነዚህ አራቱ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የሚል። የጥያቄ ምልክት ያለበት ዲያግኖሲስ እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ ምልክቱ ይመዘገባል። የክፍያው ቅጽ ካልተቀየረ መዝገቡም በዚያ ቀን አይቀየርም። ይህኛው ላይ ከላይ ፈቃድ እየጠበቅን ነው፤ ሳይመጣ ወሩ 21 ከደረሰ ምን እንደምናደርግ ገና አልጨረስንም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባለሙያዎቹ በእጅ ነው የሚጽፉት። ዜሮና ኦ፣ አንድና አይ ሊምታታባቸው ነው። ከአሁኑ ራሴን አሞኛል።

ሰርቨሩ_ወደቀ

በዚህስ አትጨነቅ፣ አስበውበታል። በአይሲዲ-11 ኮድ ውስጥ ኦ እና አይ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች የሉም። ክብ ካየህ ዜሮ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ካየህ አንድ ነው። ሁለተኛዋ ቦታ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ፊደል ነው የሚገኘው፤ አይሲዲ-10 ላይ ግን እዚያ ቦታ ቁጥር ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ረስቶ የድሮውን ኮድ ቢጽፍልህ በዓይንህ ትለየዋለህ፦ ሁለተኛዋ ቁጥር ከሆነች መልስለት።

የክፍያ_ወረቀት

ያቺን የመስታወት ሥር ገጽ ስትጨርሳት እዚህ ለጥፋት። እኛም በዚያው እንሠራለን፤ ሁለት ዓይነት እንዳይሆን።